አረንጓዴዋ ጽጌረዳ

በጃኬቱ ኪስ ሁለት የክብሪት ቀፎዎች አሉ። በአንዱ ክብሪት፣ በሌላው አንዲት የታመመች ጽጌረዳ።

ፖስታ ቤቱ ጢም ብሏል። እሱ ቴምብር መሸጫው ወረፋ ላይ ቆሞ መግቢያውን በዐይኑ ጠርዝ ይጠብቃል። እግሩ አላርፍ ብሎታል። በአበባ እርሻው «ዝምተኛው» ይሉታል፤ ከአንዱ ጽጌረዳ የእንቡጥ ዐይን ቆርጦ ከሌላው ግንድ ጋር የሚያዳቅል ቅጥር ሠራተኛ ነው። በስለላ መሥሪያ ቤቱ ግን የምስጢር ስሙ «መርፌ» ነው። የተላከውም በየእርሻው የአበባ በሽታ የሚዘራውን ሰው እንዲያገኝ ነበር።

አለቃው መጣ። የምስጢር ስሙ «አጎት»። ግራጫ ኮት፣ የተጠቀለለ ጋዜጣ።

ፖስታ ቤቱ ሁለት ተከታታይ የመስታወት በሮች አሉት። አጎት የመጀመሪያውን አልፎ ቆመ። በሩ ከኋላው እስኪዘጋ ጠበቀ። እጅጌውን አራገፈ፣ ኮሌታውን አራገፈ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈተ። በሩ አፍንጫቸው ላይ የተዘጋባቸው ሴትዮ ተከትለውት ገቡና፣ «ጋሼ፣ የግል ቤትዎ መሰለዎት እንዴ?» አሉት።

ዝምተኛው ክው አለ።

እንዲህ አድርጎ የሚገባ አበባ ቤት፣ አበባ በሚበቅልበት ዝግ ቤት የሚሠራ ሰው ብቻ ነው። ነፍሳት ከልብሱ ጋር እንዳይገቡ የፊተኛውን በር ሳይዘጋ ሁለተኛውን አይከፍትም። ዝምተኛው ራሱ በየቀኑ ያደርገዋል። አጎት ግን «አበባ ያስነጥሰኛል፣ አበባ ቤት ረግጬ አላውቅም» ብሎ የማለ ሰው ነው።

«ወደ ገጠር የሚሄድ ደብዳቤ ይቆያል?» አለ አጎት አጠገቡ ቆሞ።

«እንደ ተሸካሚው ነው።»

የመተዋወቂያ ቃላቸው ነበር።

«ያለፈው ናሙናስ?» ዝምተኛው ጠየቀ።

«ንጹሕ ነው። ላብራቶሪው የውሃ እጥረት ነው ብሏል። የእርሻው ችግኝ ዛሬ ተጭኖ ይውጣ። አንተም ነገር አታብዛ።»

«እሺ። አዲሱ ይኸውልዎት።»

እጁ ኪሱ ውስጥ አመነታ። ከዚያ ክብሪት ያለበትን ቀፎ ሰጠው።

አጎት እንደ ወጣ ዝምተኛው ጥግ ወዳለው ስልክ ሄደ። በአለቃው በኩል ካልሆነ ላብራቶሪ መደወል ክልክል ነው። ደወለ።

«ዶክተር፣ አጎት ናሙና አምጥቶልዎት ያውቃል?»

«የምን ናሙና? እኔ እኮ ከእናንተ እየጠበቅኩ ነው።»

ሁለተኛውን ቀፎ ከፈተ። «ቅርጿ ጽጌረዳ ነው። ግን ቀይ መሆን የነበረበት ሁሉ አረንጓዴ ነው። አበባው ቅጠል ሆኗል። ከመሃሉም ሌላ ቀንበጥ ወጥቷል።»

የዶክተሯ ድምፅ ወረደ። «ባክቴሪያ ነው። የተክሉ ጭማቂ በሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይኖራል። በነፋስ አይሄድም፣ በመነካካትም አይጋባም። የምትወስደው ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ዘላይ ተባይ ናት። አንዴ ከያዛት እስክትሞት ታጋባለች። ወይም ደግሞ…»

«ወይም ማዳቀል» አለ።

ስንት የታመመ ዐይን በገዛ ቢላዋው ወደ ጤነኛ ግንድ አሻግሯል።

«መድኃኒትስ?»

«የለውም። ዐይን የሚቆረጥባቸው እናት ተክሎች ይጥፉ። ግን መጀመሪያ ነፍሳቱን ግደል። ተክሉን ብቻ ከነቀልክ ዘለው ጎረቤት ይገባሉ። ሰው ልላክ?»

«ይላኩ። መኪናው ግን ይቀድማቸዋል።»

መኪናው ችግኙን ለየመንደሩ አበባ አምራች ሊያከፋፍል ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይሰበስበዋል?

መንገድ ላይ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ።

ኮቴውም ቆመ።

ዞር ሲል ጫማውን የሚያስር ሎተሪ አዟሪ ነበር። ዝምተኛው መሮጥ ጀመረ።

በአበባ ቤቱ እትዬ መቀስ ጠበቁት። መቀሳቸውን ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ነው ስሙ የወጣላቸው። እናት ተክሎቹን ከአንዲት ጽጌረዳ ተነሥተው እዚህ ያደረሱ እሳቸው ናቸው። ዳቦ ሲበሉ ግማሹን ለእሱ ይቆርሱለታል።

«የት ጠፍተህ ነው? ሹፌሩ ጭኖ ሻይ እየጠጣ ነው። እሱ ከተቀመጠ ደግሞ የሚያስነሣው ዝናብ ብቻ ነው።»

«እትዬ፣ ሠራተኛውን በጓሮ ያስወጡልኝ።»

«ምን ሆነሃል ልጄ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«አሁን አይጠይቁኝ። ይመኑኝ።»

አመኑት። ሰዉን ይዘው ወጡ።

የጣሪያውን መስኮቶች ዘጋ። የማሞቂያውን እንፋሎት እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ነጭ ጉም በየመደቡ መሃል ተጠቀለለ።

የውጪው በር ተንቋቋ።

እዚህም በሩ ሁለት ነው። የውጪው ከውስጥ በኩል እጀታው ከተነቀለ ቆይቷል፤ ሁሉም ሰው የሚወጣው በጓሮ ነው። አሁን ያ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሮቹ መሃል አጎት ቆሟል። በአንድ እጁ የክብሪት ቀፎውን፣ በሌላው ሽጉጥ ይዟል።

«ክብሪት ሰጠኸኝ። እንፋሎቱን ዝጋ፣ መኪናውም ይሂድ።»

«ለምን?» ዝምተኛው የውስጠኛውን በር ገርበብ አድርጎ ይዟል።

«የሁሉም አበባ ሲበላሽ ጤነኛ ችግኝ የሚሸጥ አንድ ሰው ይቀራል። ከእሱ ጋር ተነጋግረናል። ለአንተም ይደርስሃል።»

አጎት አንድ እርምጃ ቀረበ።

አበባ ቤት ውስጥ በር ከፍቶ በተወ ሰው ላይ ሁሉም ይጮኻል። ዝምተኛው ጮኾ አያውቅም።

«በር!»

የአጎት እጅ ሳያስብ ወደ ኋላ ሄደ። በሩን ገፍቶ ዘጋው።

ቀጭ።

ዝምተኛው የውስጠኛውን ደርግሞ የብረት መወርወሪያውን ጣለ። ጥይት በሩን በስቶ በጆሮው ሥር አለፈ። ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ እጀታ የሌለውን በር በጫማ መደብደብ።

በጓሮ ወጣ። የችግኙን ሣጥኖች ከመኪናው እያወረደ ግቢው መሃል ከመራቸው፣ ናፍጣ ደፋባቸው። ክብሪት የለውም።

«ላይተር አለህ?»

«አንተ ደግሞ መቼ ማጨስ ጀመርክ?» አለ ሹፌሩ፣ እያቀበለው።

እሳቱ ሲነሣ እትዬ መቀስ መጡ። በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ። ጽጌረዳዎቹ በእንፋሎቱ ተቀቅለው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ማን ልኮህ ነው?»

መልሱ ምላሱ ላይ ደርሷል። ግን እንደ እሱ ሠራተኛ መስለው ሌሎች እርሻዎች የገቡ ሰላዮች አሉ። የእሱ ምስጢር ከወጣ የእነሱም ይወጣል።

የቀረውን ሣጥን አንሥቶ እሳቱ ውስጥ ጨመረ።

«ልጄ ብዬህ ነበር» አሉ። አልጮኹም። መቀሳቸውን ከአንገታቸው አውልቀው እግሩ ሥር ጣሉት።

ዶክተሯ የላከቻቸው ሰዎች ደርሰው አጎትን ላብ እንዳጠመቀው ከበሮቹ መሃል ሲያወጡት፣ ዝምተኛው የአጥሩን ጥግ ዞሮ ነበር።

ከወራት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ እጁን ቀለም የነካው ግድግዳ ቀቢ ሆኖ ከመንገድ ስልክ ደወለ።

«ከዚያ እርሻ የወጣ በሽታ የለም» አለች ዶክተሯ። «ሴትዮዋም በአዲስ ችግኝ ጀምረዋል። ቀይ በቀይ ሆኗል።»

«ስለ እኔስ ያነሣሉ?»

«ይረግሙሃል።»

«ይርገሙኝ» አለ። ስልኩን ዘጋ።

የቀለም ሥራ ወዳገኘበት ባንክ አመራ። ሁለት በሮች አሉት። የመጀመሪያውን አልፎ እግሩ በራሱ ቆመ። እጁም ወደ እጅጌው ሄደ።

በዚህችው ልማድ የተያዘን አንድ ሰው ያውቃል።

እጁን መለሰ። የመጀመሪያውን በር ወለል እንዳለ ትቶ ሁለተኛውን ከፈተ።

«ወንድም፣ በሩን ዝጋ እንጂ!» አለው ዘበኛው።

ጣቶቹ እየበሉት፣ ሳይዞር ሰው መሃል ገባ።