የቀትር መጋረጃ

«ብቻሽን ነሽ?» አለ ቢራቱ፣ አፉን ወደ ተዘጋው በር አስጠግቶ።

«አይደለሁም» አለች አጸደ ከውስጥ። «ከስምንት ሰዓት በኋላ ና።»

ቢራቱ የታቀፈውን ሐብሐብ እንደ ሕፃን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። በእሑድ ቀትር፣ በአሜሪካ የሐምሌ ጠራራ፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐብሐብ ተሸክሞ የመጣ ወንድ «አይደለሁም» ሲባል ምን ያስባል? እሱም ያንኑ አሰበ። ወደ ጓሮ ዞሮ ሽቅብ ቢያይ መስኮቷ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል።

ታች ያሉትን የእትዬ እታለማሁን በር አንኳኳ። እትዬ እታለማሁ ማን ገባ ማን ወጣ ብለው አይጠይቁም፤ ግን አይስቱም።

«እትዬ፣ አጸደ ሰው አላት እንዴ?»

«ምን ሰው አላት ልጄ! እጮኛዋ ልሳነወርቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አዲስ አበባ ታስሮ ከሞተ ሰባት ዓመቱ። ያኔ እሷ ፈረንሳይ ነበረች።» ሐብሐቡን አዩና ሳቁ። «አንተ ደግሞ በሞተ ሰው ትቀናለህ?»

ቢራቱ አፈረ። ሐብሐቡን እዚያው ትቶ ወጣ።

ከአጸደ ጋር የተዋወቁት የበረዶው ወራት ሳይወጣ፣ ከላንግሊ ፓርክ በሚነሳ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እሷ ስትገባ ተሳፋሪውን በሙሉ «እንደምን አደራችሁ» ብላ በእንግሊዝኛ ሰላም አለች። አንድም ሰው ቀና አላለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብቻ በአማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ፤ ቢራቱ ነበር። ደንግጣ ዞረች፤ ከዚያ ሳቀች። እሱ ያንን ሳቅ ይዞ የሚሠራበትን ፓርኪንግ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስበት ዋለ። የስንት ሰው መኪና ቁልፍ እንዳቀያየረ ግን ባንናገር ይሻላል።

ሐብሐቡን ትቶ በሄደ በሳምንቱ እሑድ ከስምንት ሰዓት በኋላ መጣ። ፌርማታው ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው የመጣው የማጽናኛ ቃል ነበረው።

«አጸደ… ስለ ልሳነወርቅ ሰማሁ።»

ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ። በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ ሲበራ አይቶት አያውቅም። ክንዱን ጨበጠችው።

«ምን ሰማህ? ተፈታ?»

አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ጠበቃቸው፤ ዘግቶ ሄደ።

«ታስሮ… እንደነበር ነው የሰማሁት» አለ በመጨረሻ።

እጇ ቀስ ብሎ ከክንዱ ላይ ወረደ። ከዚያ እሱ ሳይጠይቃት ፈረንሳይ ስለኖረችባት ከተማ አወራችው።

«ስድስት ዓመት ነው የኖርኩባት። አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ። ጸጥ ያለች ናት፤ ወንዝ አላት፣ ድልድይ አላት፣ አንድ ደወል አላት። በመንገድ ያገኘህ ሁሉ ሰላም ይልሃል፤ ማን ነህ የሚልህ ግን የለም። በስድስት ዓመት ቤቴን ያንኳኳው ፖስተኛው ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሲሞት እንኳ ሱቁ በር ላይ ከተለጠፈች ወረቀት ነው ያነበብኩት። ጩኸት የለ፣ ለቅሶ የለ።»

«ቀትር ላይስ?»

«ከስድስት እስከ ስምንት ከተማው መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ፖስተኛው የሚመጣው ከስምንት በኋላ ነው። ‹ጠብቂኝ› ብሎኝ ነበር ልሳነወርቅ በመጨረሻው ደብዳቤው። እና ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የፖስተኛው ብስክሌት እስኪሰማ ከሱ ጋር እጫወታለሁ። እዚህም አልተወኝም።»

«ይመልስልሻል?»

«አንዳንድ ቀን።»

ፀሐዩ ከላያቸው ነበር፤ ቢራቱን ግን በረደው።

ሸኝቷት እንደ ተመለሰ እትዬ እታለማሁ ቤት ገባ። ከፔትዎርዝ ሰፈር ሊጠይቋቸው የመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ክፍሌ፣ ሶፋው ላይ ነበሩ።

«አልተረዳችም» አለ ቢራቱ ቆሞ። «መርዶው አልተነገራትም።»

እትዬ እታለማሁ ደረታቸውን ያዙ። «ምን? እኔማ እዚያው ፈረንሳይ አልቅሳ የመጣች መስሎኝ!»

«ማን ነግሯት? በከተማው ሐበሻ ብትሉ እሷ ብቻ ነበረች።»

«እኔ ደግሞ» አሉ አቶ ክፍሌ፣ «ቁስሏን እንዳልነካ ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ፊቷ ላለማንሳት ምላሴን ስነክስ! አሁን ታዲያ የሰባት ዓመት መርዶ ተነግሮ ያውቃል?»

«ለእሷ ገና አልሞተም።»

«እንግዲያው አንተ ንገራት። የምትቀርባት አንተ ነህ።»

«እኔማ አይሆንም» አለ ቢራቱ። «በሞቱ የምጠቀመው እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ንጋት፣ ወፎች ሲንጫጩ፣ ዘጠኝ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ወጡ። ጎረቤት እንዳይነሳ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ቢራቱ የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከሁሉም ኋላ ቆመ። አቶ ክፍሌ አንኳኩ።

አጸደ ከፈተች። ነጠላዎቹን አየች፤ ጫማዎቹን አየች። ማንም አፉን ሳይከፍት «እናንተ ሰዎች፣ ምነው እስካሁን?» አለችና በርከክ አለች።

ጩኸቷ ሕንፃውን አናወጠው። አቶ ክፍሌ የአገር ቤቱን ወግ ሳያጎድሉ ነገሯት። ቢራቱም አይቶት ለማያውቀው፣ በልቡ ግን ተፎካካሪው ለነበረው ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ለቀስተኞች ስለ ልሳነወርቅ ቁመት ሲጠይቁት «ረጅም ነበር» ብሎ መመለሱን እትዬ እታለማሁ ዛሬም አይረሱትም።

በሦስተኛው ቀን አጸደ ወደ እሱ ዞረች። ድምጿ ሻክሯል።

«ያን እሑድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«መርዶ ፌርማታ ላይ አይነገርም።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች።

አርባው አለፈ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሑድ ቢራቱ ሌላ ሐብሐብ ታቅፎ መጣ። ሰዓቱን ያየው በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ስድስት ተኩል። ሊመለስ እግሩን ሲያነሳ በሩ ተከፈተ።

ከኋላዋ መጋረጃው እንደ ድሮው ወርዷል። በትንሿ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ላይ ነጠላዋ ተጥሏል፣ ሌላው ባዶ ነው። ሦስተኛውን ከኩሽና ስትጎትት ደርሶባት ነበር፤ እጇ ገና መደገፊያው ላይ ነው።

ቢራቱ ባዶውን ወንበር አየ።

«ብቻሽን ነሽ?»

አጸደ ከጠረጴዛው ላይ ቢላዋ አንስታ አቀበለችው።

«ሦስት ነን» አለች። «ስትቆርጠው እንዳታበላልጥ።»