የሚስተር ራኦ የመኖሪያ ፈቃድ

እኔ እንኳን ጋኔን የሰው ዓይንም የማልፈራ ሰው ነበርኩ፣ ቤታችን ጠበል ሲረጭ እየሳቅሁ ወደ ደጅ የምወጣ፣ ስለ ዛር ሲወራ የማንቀላፋ፤ እና ወዳጄ፣ ይህን የምነግርህ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አይደለም።

በጃንሆይ ዘመን አቃቂ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ የውጭ አገር ሠራተኞችን ወረቀት እይዝ ነበር። ሚስተር ራኦ የሚባል ህንዳዊ የሽመና መኪና ሊተክል በስድስት ወር ፈቃድ መጣ፣ ሥራው ገና ሳያልቅ ፈቃዱ ሊያልቅ ተቃረበ፣ ለማራዘም ደግሞ ከፋብሪካው ለኢሚግሬሽን የድጋፍ ደብዳቤ መሄድ አለበት። ይህ ሰው አንድ ቀን በሠራተኛ ፊት "አንተ ሰነፍ!" ብሎኝ ነበርና፣ አልዋሽህም፣ ሥራ አስኪያጁ የፈረሙበትን ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በየጠዋቱ ይመጣል፣ በቀለበቱ የቢሮዬን መስኮት ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርግና፣

"ደብዳቤ ሄደ?" ይለኛል በተሰባበረ አማርኛ።

"ሄዷል፣ ጠብቅ።"

የፈቃዱ ቀን አለፈ፣ በሦስት ቀን ውስጥ አገር ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ድረስ የሸኘሁት እኔው ነኝ፣ የጅቡቲው ባቡር ሊነሳ ሲል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "አውቃለሁ፣ ደብዳቤ አልሄደም። እኔም አልሄድም" አለኝ፣ ባቡሩ ግን ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ኳ፣ ኳ፣ ኳ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ማንም የለም። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ጋሽ ሽኩር ብቅ አሉና፣

"ያ ህንድ ውጭ አግዳሚው ላይ ሆኖ እየጠበቀዎት ነው" አሉኝ።

"ትናንት ሸኝቼው የለም እንዴ፣ ጋሽ ሽኩር!"

"እኔ ምን አውቄ፣ ሰላም ስለው ራሱን ነቀነቀልኝ።"

ወጣሁ፣ አግዳሚው ባዶ ነው፣ እጄን ሳሳርፍበት ግን፣ እመነኝ፣ ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ይሞቃል።

መንገድ ላይ ሞቶ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። ከወር በኋላ ከአገሩ ለሥራ አስኪያጁ ጻፈ፣ በሰላም ገብቷል፣ ሌላ ሥራም ይዟል። የእኔ መስኮት ግን መንኳኳቱን አልተወም። ሲብስብኝ ያን የቆለፍኩበትን ደብዳቤ ልኬ ልገላገል ብዬ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ የለም! ቁልፉ ደግሞ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ከኢሚግሬሽን ወረቀት መጣ፤ አመልካቹ በግንባር ቀርበው ስለጠየቁ ፈቃዳቸው ለስድስት ወር ተራዝሟል ይላል። ፎቶግራፉ የሚስተር ራኦ ነው፣ ማኅተሙም ትክክለኛ ነው፣ የመኖሪያ አድራሻ በሚለው ቦታ የተጻፈው ግን ቃሊቲ ያለው የእኔ ቤት ነበር።

ያን ቀን ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቷ ነጥቶ፣ "የእንግዳ ክፍል ውስጥ ማነው የሚያስለው?" አለችኝ። ከፍተን አየን፣ ሰው የለም፣ አልጋው መሃል ላይ ግን ሰው የተኛበት ያህል ጎድጉዷል።

ወር ሳልቆይ ቤቱን ለቅቄ ሳሪስ ገባሁ፣ የት እንደገባሁ ለፋብሪካው ሰው እንኳ አልተናገርኩም። ስድስት ወሩ ሲሞላ ሌላ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ፤ ፈቃዱ ታድሷል፣ አድራሻው ሳሪስ፣ አዲሱ ቤቴ ነው፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን የሚሞላበት ቦታ ግን በዚህኛው ላይ ባዶ ነው።