የተዘጋው የንባብ ክፍል

ፌንጣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ይላት ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ፣ አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የሚኖሩት ከእናቷ ስፌት ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው።

ገመድ በመዝለል ፌንጣን የሚስተካከላት አልነበረም። ንባብ ግን ያስጨንቃታል። አምስተኛ ክፍል ደርሳ አንዲት መስመር ለማንበብ ላብ በላብ ትሆን ነበር።

ልጆች፣ በዚያ ዓመት አገሩን ክፉ ጊዜ መትቶት ነበር። ፋብሪካዎች ተዘጉ። ብዙ ሰው ሥራ ፈታ። ትምህርት ቤቶችም ደመወዝ የሚከፍሉት ስላጡ መምህራን አሰናበቱ። ፌንጣ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ብቻ አራት መምህራን ወጡ። ኋላ መንግሥት የተዳከመውን ኑሮ ለማነቃቃት ልዩ ገንዘብ መደበ። ከዚያም ላይ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች አካፈለ።

ርዕሰ መምህርቷ ተማሪዎቹን ሰብስበው ነገሩን አስረዱ። የሚያፈሰው ጣሪያ ይጠገናል። መጻሕፍት ይገዛሉ። ከተሰናበቱት መምህራን አንዷ ይመለሱና በንባብ ወደኋላ የቀሩትን ልጆች ከሰዓት በኋላ ያስተምራሉ።

“ገንዘቡ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ” አሉ። “ወላጆቻችሁ ላባቸውን አንጠፍጥፈው ከከፈሉት ግብር የመጣ ነው። ብድርም አለበት። እሱን ደግሞ ነገ የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።”

ለንባብ ክፍሉ ከተመዘገቡት ልጆች አንዷ ፌንጣ ነበረች። የንባብ መምህርቷ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቁጣ የማያውቁ ሴት ናቸው። ሰባት ወር ሥራ አጥተው ከቆዩ በኋላ ነው የተመለሱት። በመጀመሪያው ቀን ፌንጣ ደስ ብሏት ተማረች። በሁለተኛው ቀን ግን በመስኮት በኩል ያለፉ ልጆች “የቀርፋፎች ክፍል” ብለው ሲስቁ ሰማች። ፊቷ እሳት ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ የውኃ ታንከር ጀርባ ሁለት ጓደኞቿ ገመድ ይዘው ጠበቋት። እነሱም ለንባብ ክፍሉ የተመዘገቡ ናቸው። ፌንጣ “ዛሬ ብቻ” አለች ለራሷ። ልጆች፣ ይቺን “ዛሬ ብቻ” እናንተም ታውቋታላችሁ፤ እኔም አውቃታለሁ። በማግስቱም ስሟ “ዛሬ ብቻ” ነው። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። መምህርቷ ለወላጆቿ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤዎቹን በክፍሏ አለቃ በኩል የተቀበለችው ግን ፌንጣ ነበረችና ሁለቱንም ቀደደቻቸው።

አንድ ቀን እናቷ ደንበኛ የተወላትን ወረቀት እንድታነብላት ሰጠቻት። ፌንጣ ተንተባተበች። እናቷ ይህን ሁሉ ቀን ምን ስትማሪ ከረምሽ ብላ ጠየቀቻት። ፌንጣ ወረቀቱን መለሰችላት።

“መች ያስተምሩናል” አለች። “ስልካቸውን እያዩ ነው የሚውሉት።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው? እናቷ ተናደደች። ልብስ ሊለኩ ለመጡ ደንበኞች ሁሉ አወራች። ደንበኞቹ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለሥራ ባልደረባ ነገሩ። ወሬው ዞሮ ዞሮ፣ ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር መዋሉን ከሚከታተሉት ተቆጣጣሪ ጆሮ ደረሰ። ተቆጣጣሪው ወዲያው መጡ። መጀመሪያ ያስጠሩት ፌንጣን ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። ነገር ግን መቅረቷ እንዳይታወቅ ፈራች፤ ያንኑ ውሸት ደገመችው። ጓደኞቿም ለራሳቸው ፈርተው አዎ አሉ። መምህርቷ ስም መጥሪያውን አውጥተው በየቀኑ ማስተማራቸውን፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረም አሳዩ። ተቆጣጣሪው ግን እርስዎ ራስዎ የሞሉት መዝገብ ብቻውን አይበቃም አሏቸው። የሌሎቹን ልጆች ቃል በሌላ ቀን እንደሚሰሙ፣ እስከዚያ ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ ደመወዙም እንደሚቆም ተናግረው ሄዱ። የከሰሳቸው ማን እንደሆነ ለመምህርቷ አልነገሯቸውም።

ሰኞ ፌንጣ በክፍሉ ስታልፍ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ወረቀት ተለጥፏል። መምህርቷ መጻሕፍታቸውን በካርቶን ይዘው ቆመዋል። ትንንሾቹ ልጆች ከበዋቸዋል። ከመካከላቸው የአንድ ግንበኛ ልጅ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ታለቅሳለች። ማንበብ ከጀመረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር።

መምህርቷ ፌንጣን ሲያዩ ካርቶኑን መሬት አስቀመጡ።

“ታመሽ ነበር እንዴ ልጄ?” አሏት። “ሁለቴ ደብዳቤ ልኬ መልስ ባጣ ጊዜ ሰጋሁልሽ።”

ፌንጣ ክው አለች። ቁጣ ብትጠብቅ፣ ስድብ ብትጠብቅ ይሻላት ነበር። እኚህ ሴት እንጀራቸውን የዘጋችባቸው እሷ መሆኗን አያውቁም፤ ስለ ጤናዋ ይጠይቋታል። አንድ ቃል ተናገርኩ፤ ይህ ሁሉ ከዚያ መጣ? እያለች በድንጋጤ እየሮጠች ቤቷ ገባች።

እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ፌንጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ መቅረቷን፣ የተቀደዱትን ደብዳቤዎች፣ ውሸቱን። የእናቷ እግር ከመርገጫው ላይ ቆመ። እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። ፌንጣ በትር ጠብቃ ነበር፤ እናቷ ግን የራሷን ፊት በሁለት እጇ ሸፈነች።

“እኔስ?” አለች በመጨረሻ። “ሳላጣራ የሰው ስም ሳጠፋ የከረምኩት እኔስ ምን እባላለሁ?”

ከዚያ በፊት በሥራ ሰዓት ዘግታ የማታውቀውን ስፌት ቤት ዘጋችና ልጇን ይዛ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ሄደች። ርዕሰ መምህርቷም እንደሰሙ ወዲያው ወደ ተቆጣጣሪው ደወሉ። በማግስቱ ተቆጣጣሪው ተጠርተው መጡ። መምህርቷም ጓደኞቿም ባሉበት ፌንጣ ቆመች።

“ውሸቴን ነው” አለች። “እሳቸው ያስተምሩ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ።”

ሁለቱ ጓደኞቿም አለቀሱና እውነቱን ተናገሩ። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ይህን ገንዘብ አዋቂ ሌባ እንዳይበላው ሲጠብቁ እንደኖሩ፣ የልጅ ውሸት ሊያጠፋው እንደሚችል ግን አስበው እንደማያውቁ ተናገሩ። ነገሩ አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ገንዘቡ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወር ነበር። በችኮላ ስለፈረዱም መምህርቷን ይቅርታ ጠየቁ።

ክፍሉ በማግስቱ ተከፈተ። እናቷ ወሬውን የነገረቻቸውን ደንበኞች ቤት ለቤት እየዞረች ውሸት መሆኑን አስረዳች። ቀላል መንገድ አልነበረም። ፌንጣ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ ገብታ መምህርቷ ፊት ቆመች፤ ይቅርታም ጠየቀች።

መምህርቷ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “አንቺ መሆንሽን ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም” አሏት። “ግን ራስሽ መጥተሽ ተናገርሽ። ይቅር ብዬሻለሁ። በይ ተቀመጪ፣ ገጽ አንድ።”

ፌንጣ ተቀመጠች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ሁለት ጊዜ ስትሳሳት ያረመቻት ያቺ ጥርሷ የወለቀ የግንበኛው ልጅ ነበረች። ማንም አልሳቀም። ፌንጣ እርማቱን ተቀብላ ቀጠለች።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን ለመሸፈን የምንናገረው ውሸት ንጹሑን ሰው ይጎዳል፣ ለሁላችን የተሰጠውንም በረከት ያሳጣናልና፣ እግዚአብሔር የሚወደው እውነቱን ቶሎ ተናግረን ንስሐ ስንገባ ነው።