ችግኝ ያዳነው እጅ

ጋሼ አሊዪን ቦዩ ውስጥ በአፍ ጢማቸው ተደፍተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ነዒማ ናት፣ ቁርስ ይዛላቸው ስትመጣ። ሳህኑ እንኳን ከእጇ አልወደቀም። ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው፣ አባቷን ጎትታ አወጣች፣ ከዚያ ነው የጮኸችው።

ኢንስፔክተር ሩቂያ ከሸዋሮቢት በባጃጅ ስትደርስ ገበሬው ተሰብስቦ፣ ሙጂብ የሚባለውን ልጅ ማንጎ ግንድ ላይ አስሮታል።

«እሱ ነው» አላት አንዱ። «ትናንት ሰው እየሰማ ‹ውሃዬን ካልሰጡኝ እዚሁ ቦይ ውስጥ ነው የሚቀሩት› ብሏቸዋል። ይኸው ቀሩ። አካፋውም ይኸው።»

ሩቂያ ወደ አስከሬኑ ሄደች። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ግንባራቸው ተፈንክቷል፣ አፍና አፍንጫቸው ላይ ነጭ አረፋ አለ። መልሳ ቀስ ብላ ሸፈነቻቸው። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሯት እኮ እሳቸው ናቸው።

ጡረታ ሲወጡ ገበሬው የውሃ አባት አድርጎ መረጣቸው፤ የመስኖው ተራ የማን እንደሆነ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ ማለት ነው። ሰፈሩ ግን «ጋሼ ጀስቲኒያን» ነው የሚላቸው። ጀስቲኒያን የዛሬ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የተበታተነውን የሮም ሕግ ሰብስቦ ያስጻፈ ንጉሥ ነው። ሰዎች በውሃ ተጣልተው ሲመጡ «የሚፈስ ውሃ የሁሉም ነው ይላል ንጉሡ፣ ስለዚህ በተራ» ይሏቸዋል። አስከትለው ደግሞ «ይህን ያስጻፈ ሰውዬ ሕዝቡ ቢያምጽበት በአንድ ቀን ሠላሳ ሺህ ሰው አስጨርሷል። ሕግ ማወቅ ብቻውን ሰው አያደርግም» ሳይሉ አይጨርሱም።

ሩቂያ ወደ መስጊዱ ሸህ ዞረች። «ቀብሩ መቼ ነው፣ ሸህ ሙሀሲን?»

«ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም፣ ልጄ። ወጣቶቹ ግን ከዚያ በፊት ሙጂብን ስጡን እያሉ ነው።»

«ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ነው ይሉን ነበር ጋሼ፣ ከዚያው ከጀስቲኒያን ሕግ።»

«የኛም ሸሪዓ እንደዚያው ነው። የተናደደ ሰው ማንን ይሰማል እንጂ።»

ሩቂያ ነዒማ አጠገብ ተቀመጠች። «ስታገኚያቸው ውሃው ወዴት ነበር የሚፈሰው?»

«ወደ ወንዙ። ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ እኮ ተራው የሙጂብ ነበር።» አንገቷን ደፋች። «እኔና እሱ ከረመዳን በኋላ፣ ለሸዋል ልንጋባ ነበር፣ እትዬ ሩቂያ።»

ሩቂያ ሙጂብ ጋ ሄደች። «የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ስምንት ቀን ተራ ጠብቄ፣ የደረሰኝ ቀን እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛን ሰው ማን ያያል?» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «አካፋዬ ሁሌም ቦዩ አፍ ላይ ነው፣ ማንም ያነሳዋል። ነዒማ እሱ ነው ብላለች?»

«እስካሁን አላለችም።»

ከቦዩ በስተግራ ያለው የሽንኩርት ማሳ የሱፍዋን ነው። ሱፍዋን ያኔ ከነሩቂያ ክፍል አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ነው።

«አንተስ፣ ሱፌ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ማሳዬን አይቼ ገባሁ። ዛሬ እግሬ አልረገጠውም፤ ጩኸት ሰምቼ ቀጥታ እዚህ ነው የመጣሁት።»

«ሠራተኞችህ?»

«ጁምዓ አይመጡም፣ ታውቂያለሽ።»

ሩቂያ ጫማዋን አውልቃ ቦዩን ወደ ላይ ወደ ታች ሄደችበት። የሱፍዋን ችግኝ መሀል ገብታ ቁጢጥ አለች፣ ረጅም ሰዓት ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ጠራች።

«ደሙ ያለው ቦዩ አፍ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ነው። አካፋው ላይ ያለው ጭቃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአካፋ አልተመቱም። ጋሼ ሲወድቁ ሰውነታቸው ቦዩን ዘጋው። ውሃው ሞልቶ በግራ ወደ ሱፍዋን ሽንኩርት ገባ፣ ደለሉን እዩት። ከዚያ አንድ ሰው በዚህ አካፋ የቦዩን ቀኝ ቆርጦ ውሃውን ወደ ወንዙ ለቀቀው። እስቲ ንገሩኝ፣ ማሳው ተሰነጣጥቆ ስምንት ቀን የጠበቀ ሰው የራሱን ተራ ወንዝ ይደፋል?»

ገበሬዎቹ ተያዩ። «አይደፋም» አሉ ሸሁ።

«ውሃው ያስተኛቸው ሁለት መስመር ችግኞች አሉ። አንድ ባንድ ቀና ተደርገው ሥራቸው በአውራ ጣት ተጠቅጥቋል። የጣቱ ምልክት ገና እርጥብ ነው። ሠራተኛ የለም። ተንበርክኮ የሰው ችግኝ የሚያቃና ማን ነው፣ ሱፌ?»

ሱፍዋን እጆቹን አየ። ጥፍሩ ሥር ያለው ጭቃ አልወጣም ነበር።

«አንድ ሰዓት ጨምሩኝ አልኳቸው። ተራህ አብቅቷል አሉኝ። ገፋኋቸው፣ ወላሂ መግፋት ብቻ ነው። ድንጋዩ መታቸው፣ ዝም አሉ። የሞቱ መሰለኝ። ውሃው ችግኙ ውስጥ ሲገባ ሳይ እጄ ዝም ብሎ ወደዚያ ሄደ።» ቀና አለ። «ሞተው ነበር አይደል?»

ሩቂያ ብትዋሽለት ደስ ይላት ነበር። አብረው ነው ያደጉት።

«አረፋው የሰመጠ ሰው ነው። በድንጋዩ አልሞቱም፤ ውሃው ውስጥ ሲወድቁ ገና ይተነፍሱ ነበር።»

ነዒማ ተነስታ መጣች። ድምፅዋ ጭራሽ ከፍ አላለም። «ሁለት መስመር ለማቃናት ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

ሱፍዋን እዚያው እጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ሙጂብን ፈቱት። ገመዱ እጁን ልጦታል፤ ይቅርታ የሚለው ሰው ግን ጠፋ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ጀናዛው ሊነሳ ሲል ሙጂብ ከኋላ ቆሞ ነበር።

ነዒማ አየችው። «ቃሬዛውን ከፊት በኩል አንተ ያዝ» አለችው።