አዋላጇ ተኝታለች

የእናቷ ስልክ እንደገና ሲንቀጠቀጥ ልጅቷ ትራስ ስር ወሸቀችውና ከላዩ ተቀመጠች። «አቦ ተዋት!» አለች በሹክሹክታ፤ የደወለው ሰው የሚሰማት ይመስል።

እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ተኝታለች። ትናንት ጠዋት ሥራ ገብታ የወጣችው ዛሬ ከሰዓት ነው። ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርሶች አንዷ የግል ሆስፒታል ገባች፤ ሌላዋ ሥራውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። የሁሉም ሸክም እናቷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባለፈው ሳምንት ቆማ እንቅልፍ ይዟት የአንዷን መርፌ ለሌላዋ ልትሰጥ ስትል ያስቆመቻት በሽተኛዋ ራሷ ናት። ያን ቀን እናቷ እህል ሳትቀምስ አለቀሰች። «አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ» አለች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ከጆሮዋ ማውጣት አልቻለችም።

በሩ ተንኳኳ።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነበር፤ ለወጣ ለገባው ሁሉ ወታደራዊ ሰላምታ ስለሚሰጥ የሰፈሩ ልጆች «ጄኔራል» የሚሉት። ዛሬ ግን ሰላምታም የለ፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ሚጡዬ፣ ሲስተርን ጥሪልኝ። ስልኳን አታነሳም።»

«የለችም ጋሼ። አክስቴ ጋ ሄዳለች።»

«የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ያለችው ያቺ አዲስ ምሩቅ ነርስ ብቻ ናት፤ እሷም ግራ ገብቷታል። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ከወጣ ቆየ።»

ይሄኔ ከመጋረጃው ጀርባ ማንኮራፋት ተሰማ። ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«አክስቴ ናት» አለች።

ዘበኛው መጋረጃውን አየ፤ ከዚያ እሷን። እሱም ከእናቷ ጋር ሲሠራ ያደረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «አክስትሽን አትቀስቅሻት። እሷም ሰው ናት።»

ሲመጣ እየሮጠ ነበር፤ ሲመለስ ቀስ ብሎ ሄደ።

ልጅቷ በሩን ዘግታ ተደገፈችው። ውሸቷ ሠርቶላታል፤ ግን ደስ አላላትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። የነርስ ልጅ ናትና የወላድ ደም ካልቆመ ጊዜ እንደማይሰጥ ታውቃለች። ብትቀሰቅሳት ያ የፈሩት ስህተት ዛሬ ይደርስ ይሆናል። ባትቀሰቅሳት ደግሞ ሴትየዋ... ወደ ፊት እሳት፣ ወደ ኋላ ገደል። ይህን መምረጥ የሷ ሥራ አልነበረም። አናደዳት፤ እንባዋም መጣ።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የእናቷን ትከሻ ነቀነቀች። «እማዬ፣ ተነሽ። ደም የሚፈሳት ወላድ አለች።»

እናቷ ዓይኗ ሳይገለጥ ተነስታ ተቀመጠች። «መቼ ጠሩኝ?»

«አሁን» ብትል ማንም አያውቅባትም። ጄኔራልም አይናገርም።

«ቆይቷል» አለች ልጅቷ። «ስልክሽን ደበቅኩት። ሰው ሲመጣም የለችም አልኩ።»

እናቷ ከአልጋው ወረደች። አልተቆጣችም፤ ለቁጣም ጉልበት አልነበራትም። ጫማዋን አጥልቃ ክሩን ልታስር ጎንበስ አለች። ጣቶቿ እምቢ አሏት። እንደገና ሞከረች፤ ክሩ አመለጣት።

ልጅቷ እነዚያን ጣቶች አየች። ከዚያ ተንበረከከችና መንገድ ላይ እንዳይፈታ ድርብ አድርጋ አሰረችላት።