የቀጭኔ ተራ

በዚያ ዓመት ዝናቡ አልቆም አለ። የአናጢነት ሥራ ቤቴ ጣሪያ አፈሰሰ። እንጨቱ አበጠ፣ ሙጫው አልደርቅ አለ፣ ሥራ ጠፋ። ሳል ያዘኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ጓደኛዬን ቀበርኩ።

የምነግራችሁ የሆነውን ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከከተማው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ፀሐይ እያየን ሆነ። ያየነው ሁለት ሰዎች ነን። ሁለታችንም በሕይወት አለን።

ጓደኛዬ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከእግሩ ርዝመት የተነሳ ቀጭኔ እንለው ነበር። እኔና እሱ ሞተር የሌላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ከቀላል እንጨት እየሠራን በሪሞት እናበር ነበር።

እንዲህ ያለው አውሮፕላን በራሱ አይነሳም። ባለቤቱ ከትከሻው በላይ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ሌላው ሰው ሆዱ ላይ የተያያዘውን ረጅም ክር ይዞ ነፋሱን እየተጋፈጠ ይሮጣል። አውሮፕላኑ ሽቅብ ይወጣል፣ ክሩ ይላቀቃል። ከዚያ ወዲያ ነፋስ ነው የሚሸከመው።

ሕጋችን አንድ ነው። የጎተተልህን ትጎትትለታለህ።

እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ጎትቼለት አላውቅም።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬስ ተራዬ ነው!" ይለኛል።

"ታዲያ ይህን ሁሉ እግር ምን ልታደርገው ነው? ሩጥ!"

ይስቃል። ይሮጣል። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

የመጨረሻው ቀን ደረቱን እያሸ መጣ። "ዛሬ ትንፋሽ አጠረኝ" አለ።

"አንዴ ብቻ" አልኩት።

ሮጠ። አውሮፕላኔ ወጣ። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። ዓይኔን ከሰማይ ስመልስ ቀጭኔ ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

አየሁት...

ግን መጀመሪያ አውሮፕላኔን አሳረፍኩ። ቀስ ብዬ። እንዳይሰበርብኝ።

ስደርስለት ትንፋሹ የለም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሚስቱ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። በሩን ዘግታ ሹክ አለችኝ።

"ጋሼ... አውሮፕላኑ ይንቀሳቀሳል።"

"የቱ?"

"የእሱ። ጣሪያው ላይ ያንጠለጠለው። አሥር ሰዓት ሲሆን ጅራቱ..." በእጇ አሳየችኝ። ግራ። ቀኝ። ግራ።

ከማብረራችን በፊት ሁልጊዜ ጅራቱን እንደዚያ እንሞክራለን። እሷ ይህን አታውቅም።

"አይጥ ይሆናል" አልኳት።

"አይጥ ሰዓት ያያል እንዴ ጋሼ?"

አብሬያት ሄድኩ። የአውሮፕላኑን ሆድ ከፈትኩ። ባትሪ የለውም። የሪሞቱንም ባትሪ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። ተቀመጥን።

አሥር ሰዓት ሆነ።

ግራ... ቀኝ... ግራ...

ከዚያ አውሮፕላኑ በተንጠለጠለበት ቀስ ብሎ ዞረ። አፍንጫው እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ምን ፈልጎ ነው?" አለች።

"ተራውን።"

ዓይኗን ከአውሮፕላኑ ወደ እኔ መለሰች። "ጋሼ፣ ያን ቀን ወዲያው ደርሰውለታል አይደል?"

"ወዲያው" አልኩ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ወጣን። አውሮፕላኑን እንድትይዝልኝ ፈልጌ ነበር፤ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ ሜዳው ዳር ቀረች። እኔ ክሩን እየዘረጋሁ ራቅሁ።

ክሩን ልጠቀልለውና ይቅርብኝ ልል ነበር። ያኔ...

ክሩ ሳብ አደረገኝ። ደግሞ ሳብ።

"ያዝኩ፣ ሩጥ" ማለት ነው። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም።

ዞርኩ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ የለም። አየር ላይ ቆሟል። ከእኔ ራስ በላይ... በቀጭኔ ትከሻ ልክ።

ሮጥኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ፣ ሳሌ አፈነኝ፣ ደረቴን የሆነ ነገር ጨመደደኝ። እሱም እንዲህ ነበር የሆነው? አልቆምኩም። ክሩ ከበደ፣ ከዚያ በድንገት ቀለለ።

ጎተትኩለት።

ወደቅሁ። አውሮፕላኑ ከበላዬ ዞረ። ሴትዮዋ ግን ሰማዩን አላየችም። ወደ እኔ ሮጠች። ጫማዋ ወልቆ እንኳ አልቆመችም።

"ጋሼ! ጋሼ! ይተንፍሱ!"

"ወዲያው አልደረስኩለትም" አልኳት። "አውሮፕላኔን ነበር ያስቀደምኩት።"

እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። አነሳችው። መልሳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። "እዚያ... ሣሩን ይመልከቱ።"

አውሮፕላኑን ያኖርኩበት ቦታ ሣሩ በሁለት መስመር ተኝቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎን ለጎን፤ የቆመ ሰው እግር እንደረገጠው። ነፋሱ የቀረውን ሣር ያወዛውዛል። ያንን አይነካም።

አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሲዞር የተኛው ሣርም ትንሽ ወደ ግራ ዞረ። ደግሞ ትንሽ። የሚያበር ሰው እንዲሁ ነው፤ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል ባለበት ይዞራል።

አውሮፕላኑ ነጥብ እስኪሆን ወጣ። ከዚያ ጠፋ። ወርዶ ያየው የለም።

ሣሩ ግን ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ቆየ...

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀና አለ።