ለኒልሚኒ የተሰጠው ቅጠል

ቅናት የሌለበት ፍቅር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው ይላሉ። እንግዲያው የእኔ ጨው በዝቶበታል። ጋያንን ካወቅሁ ጀምሮ ያልቀናሁበት ነገር የለም፤ በሱቃችን ደጅ በምታልፈው ሴት፣ በስልኩ፣ በሚነዳው መኪና ሳይቀር ቀንቻለሁ። በእነዚያ ሁሉ የቀናሁት በከንቱ ነበር። በኒልሚኒ ግን አልነበረም።

ጋያንን ያገኘሁት ካንዲ ከተማ፣ ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ ነው። ዝናብ አባሮት ገባ። ዝም ብሎ መቆሙ አሳፈረው መሰለኝ ለአክስቱ ነጭ ሳሪ ጠየቀኝ። መደርደሪያውን በሙሉ አስወርዶኝ የመጀመሪያውን ገዛ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ምነው፣ ሳሪው አክስትህን ጠበባቸው?» አልኩት።

«ሳሪ ደግሞ ይጠባል እንዴ? አንቺን ላይ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ወሬ ሳያሳምር፣ እንዲሁ ነው የተናገረው። እኔም ያን ቀን ጨርቅ ስለካ ደጋግሜ ተሳሳትኩ።

ጋያን የባሕር ዳርቻ ልጅ ነው። ያ ትልቁ የባሕር ማዕበል እናቱን የወሰደበት ገና ልጅ ሳለ ነው፤ ያሳደጉት የአባቱ እህት ናቸው። «ያለ አክስቴ ምርቃት ሚስት አላገባም» ይለኝ ነበር። አባቴ ደግሞ በበኩሉ አንድ የሻይ ፋብሪካ ጸሐፊ ለባልነት አዘጋጅቶልኝ፣ መልስሽን ንገሪኝ እያለ ይነዘንዘኛል። ስለዚህ ተማከርን። ጋያን ወደ አገሩ ይወስደኛል፣ አክስቱ ፊት አቁሞ «የማገባት ይህቺን ነው» ይላል፤ ከመረቁን አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል። ብቻዬን ከወንድ ጋር መሄድ ስለማይሆን ታላቅ እህቴ ፓድማ ተከተለችን።

የደረስነው በሙሉ ጨረቃ በዓል ማግስት ነው። አክስቱ ከቤታቸው ይልቅ የሚገኙት በቡድሃ ቤተ መቅደሱ ነው አለና ቀጥታ ወደዚያ ወሰደን። ከአንድ ሐይቅና ከባሕሩ መሀል ያለች ትንሽ ኮረብታ ላይ ነው። የበዓሉ ሕዝብ ሄዷል። ነጩ ጉልላት፣ የተቀደሰው የቦዲ ዛፍ፣ ከታች የሚመላለሰው የባሕር ድምፅ፤ ሌላ ምንም የለም። ጫማችንን አውልቀን አሸዋው እግራችንን እያቃጠለን ገባን። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤም ጸጥ አለ፤ ግን ብዙ አልቆየም።

ከዛፉ ስር ነጭ የለበሰች ልጅ ቅጠል ትጠርጋለች። ቀና ብላ ስታየን መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«አያ፣ መጣህ?» አለችው። «ደግሞ ምነው እንዲህ ከሳህ? ካንዲ ምግብ የለም?»

አያ። እኔ እሱን የምጠራበት ስም ነው። እኛ ጋ ወንድምንም፣ የወደድነውንም የምንጠራው በዚሁ ነውና ለጊዜው ታገስኩ።

«እህትህ ናት?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ኔናዬ ናት» አለኝ ጋያን። «ኒልሚኒ ትባላለች፣ የአክስቴ ልጅ።»

ፓድማ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። በእኛ ደንብ የአባቱ ወንድም ልጅ ብትሆን እህቱ ናት፣ አትነካም። ኔና ግን የአባት እህት ልጅ ናት፤ ገና በአንቀልባ ሳለች «ሚስትህ ናት፣ ያንተ ናት» የምትባል። ይህ ሰው አንድ ቤት አብሯት አድጎ፣ አንድ ቀን እንኳ ስሟን አልነገረኝም።

«ቆንጆ ናት» አለች ፓድማ በጆሮዬ።

«ዝም በይ።»

«ፀጉሯን አየሽው?»

«አካ፣ ዝም በይ አልኩሽ» አልኳት ታላቅ እህቴን።

ኒልሚኒ አበባ በሰፌድ ይዛ መጣች፤ ለሁላችንም አከፋፈለች። እኔ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። ጋያን ስለ መንገዱ ይነግራታል፣ እሷ ትስቃለች፤ ሳቋ ደግሞ ያምራል፣ ምን ይዋጠኝ። እጄ በራሱ ተነሥቶ አበባውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋው። አሸተትኩት።

ለቡድሃ የሚቀርብ አበባ አይሸተትም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ፓድማ ዓይኗን ጨፈነች። ኒልሚኒ ግን አጠገቤ መጥታ፣ ማንም ሳያይ፣ አበባዬን ወስዳ የራሷን በእጄ አስቀመጠች።

«እኔ ጠዋት አቅርቤያለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይህን ያዢ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በደግነትም በለጠችኝ።

ወዲያው አክስቱ፣ እማማ ሶማዋቲ፣ ከመነኮሳቱ ማረፊያ ብቅ አሉ። ያንኑ እኔ የሸጥኩትን ሳሪ ለብሰዋል። ጋያን ተንበርክኮ እግራቸውን ነካ። ራሱን እየዳሰሱ፣

«ልቤ ነግሮኝ ነበር» አሉት። «አሁን ገና መነኩሴውን ስለ ሠርጉ ቀን ሳማክራቸው ነው የመጣኸው። አንተንና ኒልሚኒን ከዘንድሮ አላሳልፋችሁም።» ከዚያ ወደኛ ዞር አሉ። «እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው?»

አሁን ይናገራል አልኩ።

«እንግዶች ናቸው» አለ ጋያን። «ባሕር ሊያዩ ነው የመጡት።»

ባሕር ሊያዩ። ዞሬ እስከ አጥሩ ሄድኩ። ተከትሎኝ መጣ።

«ኢሮሻ፣ ስሚኝ።»

«እኔ እንግዳ ነኝ። በስሜ አትጥራኝ።»

«ፈራሁ። አየሻቸው፣ ቀን ሊቆርጡ ነው። እናት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው፤ በአንድ አፍታ እንዴት...»

«ኒልሚኒን ትወዳታለህ?»

«እንደ እህቴ።»

«እህትህ አይደለችም፤ ኔናህ ናት። እሷስ?»

«እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች? አብረን ነው ያደግነው።»

እንዲህ ያለ ጅል ነው የወደድኩት። ልጅቷ ስታየው መጥረጊያ የወደቀባት ለምን እንደሆነ ከሁላችን መሀል ያልገባው እሱ ብቻ ነው።

«ማታ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

«ማታ እኔ ወደ አባቴ ቤት መንገድ ላይ ነኝ። ለጸሐፊውም እሺ እላለሁ።»

ጥዬው ወደ በሩ ወረድኩ። ፓድማ ከኋላዬ፣ «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ» ትላለች። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት አበባና የሚታኘከውን የቡላት ቅጠል ይሸጣሉ። ቅጠሉን ሳየው ቆምኩ።

የእኛ የድሮ ደንብ እንዲህ ነው። ሴት ስትዳር፣ በዝምድና ሊያገባት የሚገባው የአክስቷ ልጅ ሙሽራውን በር ላይ ያስቆመዋል። ሙሽራው አንድ እስር ቡላት ሰጥቶ ያስለቅቃታል። ያኛው ከተቀበለ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ነገር የለውም። ዛሬ በሠርግ ላይ ለሳቅ ነው የሚደረገው፤ ያውም ወንድ ለወንድ። ሴት ለሴት ስትሰጥ አልታየም፣ አልተሰማም። እኔ ግን ቅናት አንገቴ ደርሷል፣ ደንብ የማጣራበት ጊዜ የለኝም። አንድ እስር ገዝቼ ተመለስኩ።

ኒልሚኒ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ፊቷ ተንበረከክሁና ቅጠሉን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።

«እህቴ፣ ልቀቂልኝ» አልኳት።

«ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» አሉ እማማ ሶማዋቲ። «ባሕር ልታይ የመጣች ልጅ ምን ትላለች?»

ኒልሚኒ እኔን አላየችኝም። ያየችው ጋያንን ነው። ቶሎ አልገባትም ወይም እንዳይገባት ፈልጋለች።

«አያ፣ አንተ ነህ የላክሃት?»

«አይደለሁም» አለ ጋያን። «እኔ ፈርቼ ውሸቴን ነው የተናገርኩት። አክስቴ፣ እንግዳ አይደለችም። የማገባት እሷን ነው።»

ክንዴ ዛለ። ያኔ ኒልሚኒ ጎንበስ አለችና ቅጠሉን ተቀበለችኝ፤ እሷም በሁለት እጇ።

«ተቀበልኩ» አለች።

እናቷ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። ሁሉም ነገር ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። ከዚያ ዕንባቸውን በሳሪው ጫፍ ጠረጉና፣

«መልቀቅ ያለባት ልጄ ከለቀቀች እኔ ምን እላለሁ» አሉ። አንድ እጃቸውን በጋያን ራስ፣ አንዱን በእኔ ላይ አድርገው መረቁን። ምርቃታቸው እጥር ያለ ነበር፤ ግን ምርቃት ነው።

ልንሄድ ስንል ኒልሚኒ እስከ ደረጃው ሸኘችን። እኔን ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረችኝ። ልትረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ከባድ ዝናብ ሲጥል ዝም ይላል» አለችኝ። «ማዕበሉን ነው የሚያስበው። ምን ሆንክ ብለሽ አትጠይቂው፣ ይብስበታል። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ ምስር እለቅም ነበር። ራሱ ሲናገር ያን ጊዜ አልፎለታል ማለት ነው።»

አመስግኛት ወረድኩ። መኪናው ውስጥ ጋያን «ምን አለችሽ?» ቢለኝ «የሴት ወሬ ነው» አልኩት።

ተጋባን። ካንዲ ደግሞ ዝናብ አያጣም። ሰማዩ ሲወርድ ባሌ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ይላል። ምን ሆንክ አልለውም። ሰፌዴን ይዤ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ ምስሬን እለቅማለሁ፤ አንድ በአንድ፣ እሷ እንዳለችኝ። ልክ እንዳለችውም ቆይቶ ራሱ ይናገራል። እኔም ያኔ እጁን ይዤ በኒልሚኒ እቀናለሁ።